ከሽልማት ቀብድ ይሻላል

ስለ ሰሜን ሸዋዎቹ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች በተወራ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለበት ደጋ ለምን ስሙ የሚጠራ የፋሽን ዲዛይነር፣ ፎቶግራፈር ወይም ዘመናዊ ሠዓሊ አያወጣም?» ጥያቄው ሲነሳ መልሱም አብሮት ይመጣል። ልጆቹ ሞልተዋል፤ የጠፋው የሚያያቸው ነው። ስለዚህ የተሰጥኦ ውድድር ይዘጋጅ፣ ዳኞች ከአዲስ አበባ ይጋበዙ፣ ያሸነፈው መድረክ ላይ ይሸለም፣ ቴሌቪዥንም ይቅረጸው ይባላል። ሐሳቡ ከቅንነት እንደሚመነጭ አልጠራጠርም። ግን ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ነገሩን ከመጨረሻው ይጀምረዋል። በዚህ ደጋ የጎደለው ተሰጥኦ ፈላጊ አይደለም። የጎደለው «ይህን ሥራልኝ፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ቀብዱ ይኸውና፣ ስምህንም ጻፍበት» የሚል ሥራ አዛዥ ነው። ሽልማት የሚሰጠው ላለቀ ሥራ ነው፤ ቀብድ ግን ገና ያልተጀመረውን ሥራ ያስጀምራል። ጀማሪ ከያኒ ደግሞ በአብዛኛው የሚቀረው ሥራው ሳይጀመር ወይም ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ሁለተኛው ሳይመጣ ነው።

አንኮበር ላይ የተወለዱት ሠዓሊ

ተሰጥኦ የሚወጣው አንድ አስተዋይ ዓይን ሲያርፍበት ነው የሚሉ ሰዎች አፈወርቅ ተክሌን ይጠቅሳሉ። ለሰሜን ሸዋ ከእርሳቸው የቀረበ ምሳሌ ስለማይገኝ መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ ሊያጠኑ የታሰበው የማዕድን ምህንድስና ነበር። እዚያ ግን የሥዕል ዝንባሌያቸውን መምህራኖቻቸው አስተዋሉ፤ ለንደን በሚገኘው የሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማሩ። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፦ ልጁ ታየ፣ ተማረ፣ ታላቅ ሠዓሊ ሆነ። እኔ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የመጣው ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አቀረቡ። ከሥዕል ሽያጩ ባገኙት ገንዘብ አውሮፓ ተመልሰው ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ አጠኑ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትም ተመለከቱ። ተመልሰው ሲመጡ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕል ታዘዘ። ከዚያም የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት መጣ፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥራ። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲከፈት ሠዓሊው ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ይህን ልብ እንበለው። አንድ መንግሥት ሠላሳ ዓመት ላልሞላው ኢትዮጵያዊ መላው አፍሪካ የሚሰበሰብበትን አዳራሽ ግድግዳ አስረከበ። የለንደን መምህራን ዓይን ባይኖር አፈወርቅ ማዕድን ሲቆፍሩ ይኖሩ ነበር፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን መምህራን ያዩዋቸው፣ በርቱ ያሏቸው፣ ዲፕሎማም የሰጧቸው ስንትና ስንት ተማሪዎች ናቸው? ከእነርሱ አፈወርቅን የለየው ሥራው ትልቅ ሆኖ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ተከፍሎበት፣ ሕዝብ በሚያየው ቦታ መታዘዙ ነው። ያን መስኮት ማንም ባያዝዘው ኖሮ የመስታወት ጥበብ የተማረ ሠዓሊ ይኖረን ነበር፤ የአፍሪካ አዳራሽን መስኮት ግን አናውቀውም ነበር። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ2024 ታድሶ ዳግም ሲከፈት መስታወቱም አብሮ ታድሷል። አንድ ትእዛዝ ከስድሳ ዓመት በላይ እንዲህ ይኖራል።

ነገሩ ከዘመናዊው ትምህርት በፊትም ይታወቅ ነበር። በደጋው ሥራ በማዘዝ ቤተ ክርስቲያንን የሚቀድማት የለም። ደብር ይሠራል፣ መቅደሱ ይሳላል ይባላል፣ ሠዓሊ ይጠራል፤ ሠዓሊው ደቀ መዝሙሩን አስከትሎ ይመጣል። ልጁ ቀለም ሲፈጭ፣ ሸራ ሲለጥፍ፣ ቀጥሎ የልብስ እጥፋት ሲቀባ፣ ከዓመታት በኋላ ፊት ይስላል። የሥዕል ትምህርት ቤቱ የታዘዘው ሥራ ራሱ ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ከጀማ ወንዝ ማዶ፣ ከሰላሌ፣ እንዲህ ካለ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ቺካጎ ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ መሠረቱ። ዛሬ የዘመናዊ ሥዕላችን ባለ ስሞች የምንላቸው አብዛኞቹ በዚያ ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። የዚያ ሁሉ ምንጭ ሲፈለግ አንዱ ሥር የሚገኘው አንድ ደብር ለአንድ ሠዓሊ በሰጠው ሥራ ውስጥ ነው።

ባናው የማን ሥራ ነው?

የደጋው ልጆች ገና አልታዩም የሚለው አነጋገር ሌላም ችግር አለበት፤ ዓይናችን ሥር ያለውን ሥራ ከተሰጥኦ አይቆጥረውም። የመንዝን ባና ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በጉ ይሸለታል፤ ጠጉሩ ይታጠባል፣ ይለቀማል፣ በደጋን እየተነደፈ እስኪሳሳ ይበተናል። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ይሸምነዋል። ብዙ ጊዜ ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ግራጫውና ነጩ ከበጉ ከራሱ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ፈታይዋ ገና ጠጉሩን ስትለይ ሥዕሉን ጀምራለች፤ የትኛው ቡናማ ከየትኛው ጥቁር አጠገብ እንደሚያምር በእጇ ታውቀዋለች። ሸማው ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ይሰፋል። መስመሩ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ሳይሰበር ሲገጥም ያየ ሰው ሠሪው ገና ከመጀመሪያው ሙሉውን ባና በልቡ ይዞ እንደሸመነ ይረዳል። ይህ ንድፍ ነው፤ ዲዛይን የምንለው ማለት ነው። ሆኖም ባናው ገበያ ሲወጣ የሚጠየቀው ስፋቱና ክብደቱ ብቻ ነው። የፈታይዋን ስም የሚጠይቅ የለም፤ ገዢም፣ ነጋዴም፣ ባናውን በሆቴሉ አልጋ ላይ ያነጠፈውም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ነው።

አገሩ በዚህ ጠጉር ላይ ምንም አላደረገም ማለት ግን አይቻልም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመው የአካባቢውን በግ ጠጉር ይዞ ነው። የአካባቢው የበግ እርባታ ማእከልም የመንዝን በግ ከአዋሲና ከሌሎች የውጭ ዝርያዎች ጋር እያዳቀለ ጠጉሩንና ሥጋውን ለማሻሻል ብዙ ደክሟል። እነዚህ ሁለቱ ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ግን ያሰቡት ስለ በጉና ስለ ጠጉሩ ኪሎ ነው፤ ስለ እጁ ያሰበ አልነበረም። ፋብሪካው ጠጉር ሲገዛ የጎበዝዋ ፈታይና የጀማሪዋ ልዩነት ከሚዛኑ ላይ ይጠፋል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክም ከዚህ የተለየ አይደለም። የአካባቢው ወጣቶች እዚያ ሲሰፉ ንድፉ ሌላ ቦታ የተነደፈ ነው፤ ገበያውም በሌላ አገር ውሳኔ ይዘጋል። አሜሪካ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል ስታስወጣ ያየነው ይህን ነው። መርፌ የያዘ እጅ ብዙ ነው፤ ንድፍ የታዘዘለት ግን የለም።

«ይህ እደ ጥበብ ነው፤ ስለ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ነው የምናወራው» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ኤልያስ ስሜ ለዚህ በቂ መልስ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣው ኤልያስ በክርና በቁልፍ እየሰፋ ሠራ፤ በኋላም ከመርካቶ የተገዛ የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሽቦ እየጎነጎነ ሰፋፊ ገበታዎች አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሽልማትን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ከሥነ ጥበብ ባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው፤ ጭቃ ማቡካትና ግድግዳ መለሰን የሚያውቁ ሰዎች የተቀጠሩበት፣ ማለትም ዕውቀታቸው ታዝዞ የተከፈለበት ሕንፃ ነው። ዘሪሁን የትምጌታም በቀርከሃ ዘንጎች ላይ እየሣለ የሸማኔውንና የሠዓሊውን ዓለም አቀራርቧል። በእደ ጥበብና በሥነ ጥበብ መካከል ያለው አጥር በእኛ አገር የቆመው በስም አጻጻፍ ላይ ነው፦ ፊርማ ያለበት ሥዕል ይባላል፣ ፊርማ የሌለበት ባና ይባላል።

ስልክ ይበቃል ለሚሉ

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወጣቶቹ ይመጣል። ዛሬ አዛዥም ፈላጊም አያስፈልግም፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ልጅ ከሞላሌም ይሁን ከግሼ ራቤል ራሱን ለዓለም ያሳያል ይላሉ። ግርማ በርታን ያነሳሉ። ግርማ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በስልኩ ያነሳቸውን ሰዎች ከጀርባቸው ነጥሎ በደማቅ ቀለም ላይ ያኖራቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከጌቲ ኢሜጅስና ከኢንስታግራም 10,000 ዶላር ተሰጠው። ምሳሌው እውነት ነው፤ ኩራትም ነው። ግን ገንዘቡ ምን እንደነበር እንይ። ሥራውን እንዲቀጥልበት የተሰጠ ድጋፍ ነው፤ በእኔ አነጋገር ቀብድ ነው። ኢንተርኔቱ ፎቶውን አሳየ፤ ቀጣዩን ፎቶ የሚያስነሳው ግን ወጪውን የሚሸፍን አካል ነው። ሺህ «ላይክ» ከመሐል ሜዳ ግሼ የአንድ ጉዞ ትራንስፖርት አይከፍልም።

የጓሳን ነገር እዚህ ላይ ሳላነሳ አላልፍም። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ በዓለም መጽሔቶችና ዘጋቢ ፊልሞች የታወቀ ነው፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በውርጭ ጠዋት ሲነሱ ያላየ የተፈጥሮ ፎቶ ወዳጅ ጥቂት ነው። ጓሳ የሚባለውን ሣር ለብዙ ትውልድ ጠብቀው ያቆዩት ግን የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በቀደምቶቹ የመንዝ አባቶች በአስቦና በጌራ ሥርዓት መሠረት ሣሩ የሚታጨድበትና የሚከለከልበት ዘመን ይወሰን ነበር፤ ከጓሳው ገመድ ይገመዳል፣ ቤት ይከደናል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ካሜራ ቢይዝ ጭላዳውን ብቻ አያነሳም፤ የታጨደውን ሣር፣ ገሳ የለበሰውን እረኛ፣ ጠባቂውን ያነሳል። ታዲያ ዓለም የሚያውቃቸው የጓሳ ፎቶዎች በአብዛኛው ከሌላ አገር በመጡ ካሜራዎች የተነሱ የሆኑት ልጁ ተሰጥኦ ስለሌለው አይደለም። ያዘዙት መጽሔቶችና የምርምር ተቋማት የሚያውቁትን ፎቶ አንሺ ስላዘዙ ነው።

ደጋው ላይ ፎቶግራፍን በቋሚነት የሚያዝ አንድ አካል ግን አለ፤ ሰርግ። በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ፎቶ ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል፦ ጀርባው ላይ ፏፏቴና አበባ ያለበት ባነር ተሰቅሏል፣ ግድግዳው በተመራቂዎችና በሙሽሮች ፎቶ ተሞልቷል። የአካባቢው ፎቶ አንሺዎች ብርሃን ማስተካከልን፣ ሰው ማረጋጋትን፣ በሰዓቱ ማስረከብን የተማሩት እዚያ ነው፤ ሰርግ አዝዞ የሚከፍል ስላለ። አንዳንድ ሰው ይህን ንግድ ነው ብሎ ይንቀዋል። እኔ የደጋው ትልቁ የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ነው እላለሁ። የሚጎድለው ከሙሽራው ሌላ ነገር የሚያዝ ሁለተኛ ደንበኛ ነው።

አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ በዚህ ረገድ ትልቅ ውለታ ውሏል። በየሁለት ዓመቱ ኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ከዓለም ፎቶ አንሺዎች አጠገብ ሰቅለው እንዲያዩት፣ እንዲተቹበት አድርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አምስተኛው ተካሂዷል። ግን እንዲህ ያለ መድረክ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲቆም ያ ሰው ወደ ሌላ አገር ሥራ ሲሄድ መድረኩም ይናጋል። ደግሞም መድረኩ አዲስ አበባ ነው። የመርሐቤቴ ልጅ እዚያ የሚደርሰው ሥራ ይዞ ነው፤ ሥራውን የሚያሠራው ደግሞ እዚሁ አጠገቡ መገኘት አለበት።

ማዘዝ ያስራል?

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ትእዛዝ ጥበብን ባሪያ ያደርጋል። አዛዡ የሚያውቀውን ይፈልጋል፤ ሠዓሊው የአድዋ ሥዕልና የንግሥት ሳባ ፊት ሲደጋግም ይኖራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ከጀርመን ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበር፤ ደንበኛ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ አይሣልም ነበር። ይህን እቀበላለሁ፤ ያቀረብኩትንም ሐሳብ ያስተካክለዋል። ገብረ ክርስቶስን ያቆመው የመምህርነት ደመወዙ ነው፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ እያስተማረ የፈለገውን ሣለ። እንግዲህ ለነጻነቱ የሚከፍል ተቋም ነበረው ማለት ነው። ያ ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ታሪኩ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ በስደት ሞተ፤ ሥራዎቹ አገር ቤት በስሙ የተሰየመውን ሙዚየም ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ስለዚህ ወርክሾፕም፣ ደመወዝም፣ ትእዛዝም አንድ ወገን ናቸው። ሁሉም ከያኒው ነገ ጠዋት ሥራው ላይ እንዲቀመጥ ያደርጉታል። የአንድ ቀን ውድድር ይህን አያደርግም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ትእዛዝ ስም ሳይኖረው ሲቀር ነው። ሽሮሜዳ ላይ የሚሸጠውን ጥበብ የሸመነው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ይዘው ጥሩ ልብስ የሚሠሩ ዲዛይነሮች አሉን፣ ከእነርሱም ፍቅርተ አዲስን የመሰሉ የአገር ውስጥ ሸማን ወደ ዓለም መድረክ ያወጡ አሉ፤ ሊያ ከበደም እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትጀምር ሥራ ያጡ ሸማኔዎችን አይታ ነው። ይህ ሁሉ ለጥጥ ሸማኔ ሥራ ፈጥሯል። የመንዝ ጠጉር ግን እስካሁን ወደ ፋሽኑ አልገባም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ጠጉሩ ሻካራ ነው፣ በደንብ ታጥቦ የሚበጠርበት ቦታ የለም፣ ሸማኔውም ብርድ ልብስ እንጂ ካፖርት አልታዘዘም። ትናንት ግን መኳንንቱ የሚደርቡት በርኖስ ከዚሁ ከበግ ጠጉር ይሠራ ነበር፤ ወፍራም ጠጉር ጥሩ ካባ እንደሚወጣው አያቶቻችን አሳይተዋል። አንድ ዲዛይነር ሃያ ካፖርት በቀብድ ቢያዝና የፈታይዋንና የሸማኔውን ስም በልብሱ መለያ ላይ ቢጽፍ፣ ከዐሥር የፋሽን ውድድር የበለጠ ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። የጠጉሩ ማጠቢያም የሚመጣው ያኔ ነው፤ ትእዛዝ ሳይኖር ማሽን የተከለ ሰው ማሽኑን ዝገት ይበላዋል።

በዚህ ጊዜ?

በዚህ ሁሉ መካከል «አገሩ በምን ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ሥዕልና ስለ ፋሽን ታወራለህ?» የሚለኝን ሰው አላስተባብለውም። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መንዝ ድረስ ደርሶ ነበር፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ መንገድ የተቋረጠበት ቤተሰብ ስለ ዐውደ ርእይ ቢነግሩት አይሰማም፤ ልክም ነው። ግን ለዚያ ቤተሰብ ሥራ የታዘዘላት ፈታይና ሽልማት የታቀደላት ፈታይ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ዛሬ ዱቄት ትገዛለች። ውድድርማ ሰላምና መድረክ ይፈልጋል፤ ትእዛዝ ግን አንድ እንዝርትና አንድ የሚያምኑት ሰው ካለ መንገዱ ሲከፈት ይደርሳል።

አዛዡ ማን ይሁን ለሚለው ሩቅ መሄድ አያሻም። የደብረ ብርሃን ሆቴሎች መጋረጃና የአልጋ ልብስ ይገዛሉ፤ አዳራሾቻቸው ውስጥ የሚሰቅሉት ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የታተመ የመልክዓ ምድር ፎቶ ነው። የጓሳ ማኅበረሰብ የእንግዳ ማረፊያ ፖስትካርድ ለአካባቢው ፎቶ አንሺ ማዘዝ ይችላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ ብዙ ቦታ የሚያስተምረው ለሌላ ትምህርት የተመደበ መምህር ነው። ወረዳው ለአንድ ሠዓሊ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ቢያዝና ልጆቹ አብረውት እንዲቀቡ ቢያደርግ መምህሩም ትምህርቱም ይገኛል። ደብሮቻችንም ሲታደሱ ግድግዳውን በፕላስቲክ ፖስተር ከመሸፈን ወጣት ሠዓሊ ከነደቀ መዝሙሩ ይጥሩ። በየትኛውም ትእዛዝ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፦ ቀብድ በቅድሚያ፣ የሠሪው ስም በሥራው ላይ፣ ሥራው ካማረ ደግሞ ሁለተኛ ትእዛዝ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከመጀመሪያው ሥራ የተገኘው ገንዘብ ዕዳ ይከፍላል፤ ከሁለተኛው የተገኘው መሣሪያ ይገዛል፤ ወጣቱ በሙያው ለመኖር ወይም ደብረ ብርሃን ወርዶ የሌላውን ንድፍ ለመስፋት የሚወስነው በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች መካከል ባሉት ወራት ውስጥ ነው።